ያልተሰበረችው ጥርስ

የካሴት ጀርባ ላይ ጥርስ የምታክል ትንሽ ፕላስቲክ አለች። እሷ በቦታዋ እስካለች ድረስ በካሴቱ ላይ ሌላ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ከተሰበረች ግን የመቅጃው ቁልፍ አልጫን ይላል፤ የተቀዳው ድምፅም ከማንም ስህተት ይድናል። በዚያ መንደር ይህን ከሬዲዮ ሠሪው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የሠርጉን ካሴት የያዘ፣ የሟች አባቱን ምክር ያስቀዳ፣ የልጁን የመጀመሪያ ኩልትፍትፍ ያስቀረ ሁሉ ወደዚያች ጠባብ ሱቅ ጎራ ይል ነበር። ሬዲዮ ሠሪው ካሴቱን ይገለብጥና በቀጭኗ ካቻቢቴ ጥርሷን ቀጭ! ያደርጋታል።

«ኧረ ምን ሰበርክብኝ?» ይላል ደንበኛው ደንግጦ።

«ሞትን ነው የሰበርኩልህ። ሂድ አሁን፤ ቤትህ ውስጥ የፈለገው ባለጌ ልጅ ቢኖር ይህን ድምፅ አያጠፋብህም።»

የሰው ሁሉ ካሴት ጥርስ እንዲህ በእጁ ረግፏል። የገዛ ሚስቱን ካሴት ጥርስ ብቻ ሳይሰብር ቀረ።

ሚስቱ ድምፀ መረዋ ነበረች። እሱ ካውያውን አግሎ ሽቦ ሲበይድ እሷ ደግሞ የተፈቱትን ሬዲዮኖች በጨርቅ እየወለወለች ታንጎራጉር ነበር። አቧራው እንኳ ዜማዋን ሰምቶ የሚነሣ ይመስል ነበር። አንድ ቀን በቀትር አንድ ጠግኖ የጨረሰው ቴፕ መፈተኛ ድምፅ ሲያስፈልገው አዲስ ካሴት ከተተና «በይ እስቲ» አላት። ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወደ ማይኩ ጎንበስ ብላ፣

«በሩን ገርበብ አርገው፣ ሙሉ አትዝጋው ከቶ፤
ይመለሳል እንጂ ድምፅ አይቀርም ጠፍቶ።

ሰው ያለውን ተወው፣ ሰው ብዙ ያወራል፤
ያንተ አንዲት ቃል ግን ሆዴ ውስጥ ይኖራል።»

አለች፤ ሁለቱን እየመላለሰች፣ የካሴቱ ፊት እስኪያልቅ። መጨረሻው ላይ ሳል ያዛት። ሬዲዮ ሠሪው ካሴቱን አውጥቶ፣ እንደ ልማዱ ካቻቢቴውን ሲያነሣ እጁን ያዘችው።

«ተው፣ ተው፣ እንዳትሰብራት! ጉሮሮዬን ሲሻለኝ አሳምሬ እዘፍንልሃለሁ። ያኔ በላዩ ትቀዳዋለህ።»

«ይኼኛውስ ምን ጎደለው?»

«ይኼማ ሳል ነው። ለልጅህ ሳል ልታወርሳት ነው?»

ተሳሳቁ። ካሴቱ ምንም ሳይጻፍበት መደርደሪያው ላይ፣ ከባዶዎቹ ጎን ተቀመጠ። ጉሮሮዋን ግን አልተሻላትም።

ሬዲዮ ሠሪው እንግሊዝኛ ያውቃል፤ የሬዲዮ እንግሊዝኛ። ፊውዝ፣ ቮልት፣ ስፒከር፣ «እንዳይከፈት»። ከዕቃ ካርቶን ላይ የተለቀመ እንግሊዝኛ ነው። ሚስቱ ግን ሐኪም ቤት በተኛችበት ክፍል ለአጠገቧ በሽተኛ፣ «የኔ ባል እኮ እንግሊዝኛን እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው» ብላ አውርታለታለች። እናም አንድ ጠዋት ጎብኚው የውጭ ሀገር ሐኪም መጥቶ፣ አልጋው ግርጌ ቆሞ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር ሲናገር፣ ክፍሉ በሙሉ ሬዲዮ ሠሪውን አየ። ከሐኪሙ ጎን የቆመችው ወጣት ዶክተር ዝቅ ብላ፣

«አባባ፣ በቋንቋችን ላስረዳዎት?» አለችው።

ወደ ሚስቱ ዘወር አለ። ትራስ ተደግፋ ታየዋለች። ዓይኗ ውስጥ ያለው ኩራት፣ ያ ከሳምንት ሳምንት እየከሳ በሄደ ፊት ላይ ያልከሳ ብቸኛ ነገር ነበር።

«ገብቶኛል» አለ። ለሐኪሙም «የስ፣ የስ» እያለ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀረች። ፓ ብላ ትጀምራለች፣ ቲቭ ብላ ታልቃለች። መካከሏ ጠፍቶበታል።

ሐኪሞቹ ወጡ።

«ምን አሉ?» አለችው።

«ደህና ነሽ አሉ። ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት አሉ።»

«ይኼን ሁሉ አውርተው?»

«ፈረንጅ እኮ አንዷን ነገር ሳያገላብጣት አይለቃትም።»

ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ሄደ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ልትጠይቃት ስትመጣ፣ «ጸጉሬን አሁን አትንኪው፤ ስነሣ ሱቅሽ መጥቼ ትሠሪኛለሽ» አለቻት። ደህና ናት የተባለች ሴት አትሰናበትም። እሷም አልተሰናበተችም። ብዙም ሳትቆይ፣ ዝናብ በሚያንኳኳው አንድ ጠዋት፣ ለነገ ያሰበችውን ሁሉ ነገ ላይ ትታው ሄደች።

ሐዘኑ ሲወጣ ሬዲዮ ሠሪው ጡብ የሚያህል የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገዛ።

ያችን ቃል በቀጥታ ሊፈልጋት ሞክሮ ነበር፤ ግን ጆሮው የያዘው ስባሪ ነው፣ በምን ፊደል እንደምትጻፍ እንኳ አያውቅም። ሰው እንዳይጠይቅ፣ «ለምን ፈለግኸው?» ይሉታል። ደግሞም ፈርቷታል፤ እንደ ተኛ አውሬ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ አንድ በአንድ፣ አንዱንም ሳይዘል ሊደርስባት ወሰነ። አንድ ሰው የሚሸሸውን ነገር ሲፈልግ እንዲህ ነው፤ ረጅሙን መንገድ ይመርጣል።

የአጠናኑ ዘዴም ከሙያው የመጣ ነበር። ከመደርደሪያው ባዶ ካሴት እያነሣ ቃሉን በእንግሊዝኛ ተናግሮ ይቀዳል፤ ከዚያ ደግሞ ለመለማመጃ የሚሆን ዝምታ ይተዋል፤ ከዝምታው በኋላ ትርጉሙን በቋንቋው ይላል። በማግስቱ ሥራ ላይ ሆኖ ይከፍተዋል። ቴፑ «ብሬቪቲ» ይላል። ዝም። በዝምታው ውስጥ ሬዲዮ ሠሪው አፉን አጣሞ ይደግማል። ቴፑ «የጊዜ ማጠር» ይላል።

መንደርተኛው ስም ለማውጣት አልዘገየም። ሻይ ሻጯ ብርጭቆ ይዛ ስትገባ፣ «ጋሽ ዲክሽነሪ፣ ዛሬስ ሻዩን በየትኛው ቋንቋ ላማስልልዎት?» ትላለች። ከማዶ ያለው ጫማ ሠሪ ደግሞ ከመርፌው ቀና ብሎ፣ «ተዪው፣ ሰውዬው ላይ የፈረንጅ ነፍስ ገብታበታለች። አሁን ማታ ማታ በእንግሊዝኛ ነው የሚያንኮራፋው» ይላል። ሬዲዮ ሠሪው ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። ሐዘኑን እንደ ጋቢ ደርቦ ከሚያዩት፣ እንግሊዝኛውን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ ቢስቁበት ይሻለዋል።

ቃላቱ ግን እውነትም ይገቡለት ነበር። እንደ መንገደኛ አንዱ ሌላውን እየጠራ መጡ። ድሮ ካርቶን ላይ ብቻ የሚያነብ ሰውዬ፣ አሁን የውጭ ጣቢያ ዜና ሲከፈት አንገቱን ዘንበል አድርጎ መስማት ጀመረ።

ነገሩ የጀመረው በቀትር ነው። ፀሐይዋ ጥላን ሁሉ ከሰው እግር ሥር ስትሰበስብ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ጫማ ሠሪው እንኳ መዶሻውን ሲያስቀምጥ። ሬዲዮ ሠሪው ካውያውን ይዞ አንድ ሽቦ ላይ ጎንበስ ብሏል። ቴፑ በገዛ ድምፁ «ክላንደስታይን» አለ። ዝምታው መጣ።

«ምን አሉ?»

«በድብቅ የሚደረግ» አለ ቴፑ፣ በሬዲዮ ሠሪው ድምፅ።

የቀለጠው ቆርቆሮ ከካውያው ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ።

ሰው ሲደነግጥ ወደ ሙያው ይሸሻል። የድሮውን ድምፅ የሚጠርገው የቴፑ ማግኔት፣ ሄዱ፣ ቆሽሾ ነው፣ አለ በልቡ፤ ከሥር የነበረው አልጠፋም። ጥጥ በአልኮል ነክሮ ጠረገ፣ አደረቀ፣ ወደ ኋላ መለሰና ከፈተ። ክላንደስታይን። ዝም። «ምን አሉ?»

ካሴቱን አሳልፎ አሳልፎ፣ የራሱ ቃላት ከሚያበቁበት ወዲያ ወሰደው። እዚያ፣ በካሴቱ ጫፍ ላይ፣ ሚስቱ «ሰው ያለውን ተወው» እያለች ትዘፍናለች።

ክው አለ። ስም ያልተጻፈበት፣ ጥርሱ ያልተሰበረ፣ ከባዶዎቹ ጎን የተቀመጠው ካሴት ነው። የበሩን ዜማ፣ የትንፋሿን መቆራረጥ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ቃል ጠርጎታል። የተረፈችው የመጨረሻዋ ስንኝ ብቻ ነች። የመንደሩን ድምፅ ሁሉ ከሞት ያዳነ እጅ የራሱን ቤት በላ።

ያኔ ግን ከዚህ የባሰ ነገር ትዝ አለው። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ዘፈነች፣ ሳለች፣ ሳቀች እንጂ «ምን አሉ?» አላለችም። «ምን አሉ?» ያለችው ሐኪም ቤት ነው። ሐኪም ቤት ደግሞ ቴፕ አልነበረም።

ሬዲዮ ሠሪው ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ጥላው ከእግሩ ሥር ሲወጣ አየ። ከዚያ ያችን ዝምታ ፈልጎ፣ መቅጃውን ተጭኖ፣ ሐኪም ቤት ያላትን ደገመው።

«ደህና ነሽ አሉ።»

ከፍቶ ሰማ። በዚያች ዝምታ ውስጥ አሁን የሱ ድምፅ ብቻ አለ፤ የሷ የለም። በረጅሙ ተነፈሰ። ቴፑም ወደሚቀጥለው ቃል አለፈ። ቃሉ ተባለ። ትናንት ባዶ የነበረችው ዝምታ መጣች።

«ምን አሉ?»

ድምፁ ቀረብ ብሏል፤ ወደ ማይኩ ጎንበስ እንዳለ ሰው።

በዚያም ላይ «ደህና ነሽ» አለ። ወደሚቀጥለው ሄደች። እዚያም ተከተላት። ያችን ውሸት ባስቀመጠባት ዝምታ ሁሉ እሷ ትጠፋለች፤ በሚቀጥለውም ትጠብቀዋለች። ቀትር በቀትር እንዲህ ተሳደዱ፤ እስከ መጨረሻዋ ቃል፣ እስከ መጨረሻዋ ዝምታ። ከዚያች ወዲያ ዘፈኗ ብቻ አለ።

ልጁ ጸጉር ሠሪ ናት። ሱቋ ከአባቷ ሱቅ ጋር ተጎራብቷል፤ በመካከል ያለው ስስ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። አንድ ቀን የደንበኛ ጸጉር እያጠበች ሳለ የእናቷን ድምፅ ሰማች። እጇ ላይ አረፋ እንደያዘች ሮጣ ገባች።

«አባዬ! የእማዬን ካሴት አገኘኸው?»

ከፈተላት። ቃሉ ተባለ፤ ጥያቄው መጣ፤ ከዚያም ያች አንዲት ስንኝ። ልጅቷ ከሣጥኖቹ በአንዱ ላይ ቁጭ አለች። አረፋው ከክንዷ ላይ እየወረደ ቀሚሷን አረጠበው።

«ማንን ነው የምትጠይቀው?»

«እኔን።»

«ስለ ምን?»

ሬዲዮ ሠሪው ቴፑን አጠፋ። «ሄዱ ቆሽሾ ነው። አሮጌ ድምፅ ይጎትታል።»

«አባዬ፣ እኔ ሕፃን ነኝ?» አለች። ከዚያ የተጠረገውን ሁሉ ሲነግራት ጮኸች፤ አልተራገመችም፤ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካቻቢቴ አንሥታ እጁ ላይ ጫነችው። «ስበራት። ጥርሷን አሁኑኑ ስበራት። ይቺው የቀረችዋ እንኳ ትትረፍልኝ። ዳግመኛ እጅህን እንዳታሳርፍባት።»

የካቻቢቴውን ጫፍ ጥርሷ ላይ አኖረው። ትንሽ መጫን ብቻ ነበር። ቢሰብራት ዘፈኑ ይድናል። ግን ጥያቄውም አብሮ ይድናል፤ ሚስቱ ካሴቱ ውስጥ ለዘላለም «ምን አሉ?» እንዳለች ትቀራለች፣ መልስ የሚገባበት በር ተዘግቶ። እጁን መለሰ።

«ትንሽ ታገሽኝ፣ እናቴ።»

«ምን ልትሆን?»

«አንድ ቃል ቀርቶኛል።»

ልጅቷ አባቷን እንደማታውቀው ሰው አየችውና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ካሴቱን አልነካውም። መዝገበ ቃላቱን ብቻ ይዞ ተቀመጠ፤ አሁን አያዘገይም፣ አይሸሽም፣ ጣቱ በገጹ ላይ እንደ አይጥ ይሮጣል። ሻይ ሻጯ ያመጣችው ሻይ ቆዳ ያወጣል። አንድ ቀትር ላይ ጣቱ ቆመ።

ፓሊዬቲቭ።

አፉ ውስጥ አስገብቶ አላት። አጥንቷ ጉሮሮው ላይ ከተሰካበት ቦታ ጋር ልክ ገጠመች። ትርጉሟን አነበበ፤ የማያድን፣ ሥቃይን ብቻ የሚያስታግስ።

ያኔ ሌላ ነገር ሆነ። የሐኪሙ ድምፅ ከዚያን ዕለት ጀምሮ በጆሮው ውስጥ ተቀድቶ ነበር፤ ትርጉም አልባ ዝናብ ሆኖ። አሁን በመንገዱ ሁሉ የሰበሰባቸው ቃላት ከያሉበት እየተነሡ፣ በሐኪሙ አፍ ውስጥ በየቦታቸው ተቀመጡ። ዝናቡ ንግግር ሆነ። በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ሱቁ ውስጥ፣ ሐኪሙ አልጋው ግርጌ ቆሞ እንደገና ተናገረ፤ ሬዲዮ ሠሪውም አንዲት ሳትቀር ገባችው። ጊዜዋ አጭር ነው፣ አለ ሐኪሙ። ከእንግዲህ ሥቃይዋን እንቀንሳለን እንጂ አናድናትም፤ ትስማማላችሁ? ልታያቸው የምትፈልጋቸው ሰዎች ካሉ ይምጡ። ልትለው የምትፈልገው ነገር ካለ አሁን ትበል።

«የስ፣ የስ» ብሎ ነበር እሱ።

ተነሥቶ በሩን ሊዘጋ ሄደ፤ ከዚያ ሐሳቡን ለውጦ ገርበብ አድርጎ ተወው። ካሴቱን ከተተ። የመጨረሻዋን ዝምታ ፈለገ። ከዝምታዋ ቀጥሎ ዘፈኑ እንዳለ ያውቃል። ውሸት አጭር ናት፤ በአንድ ዝምታ ውስጥ ትገባለች፣ ቦታም ይተርፋታል። እውነቱ ግን ዝምታዋን ሞልቶ ይፈሳል፤ ዘፈኑን ሳይበላ አያልቅም።

«ምን አሉ?» አለች።

ወደ ኋላ መለሰና መቅጃውን ተጫነ። ቀይዋ መብራት በራች።

«ስሚኝ፣ ዓለሜ። አትድንም አሉ። ጊዜዋ አጭር ነው አሉ። ሰው ማየት ከፈለገች ትይ፣ የምትናገረው ካለ ትናገር አሉ። እኔ አልገባኝም ነበር። ያች ልጅ፣ ዶክተሯ፣ በቋንቋችን ላስረዳዎት ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። አንቺ እያየሽኝ ነበር። ለዚያች ለአጠገብሽ ሴት እንግሊዝኛ ያውቃል ብለሻት ነበር…» እዚህ ላይ ድምፁ ተያዘ። ካሴቱ ግን መዞሩን አልተወም፤ ባዶውን ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ ቀጠለ። «ደህና ነሽ ብዬ ከልጅሽ ሳትሰናበቺ ሰደድኩሽ። ያሉት ይኼን ነው። ያላልኩሽ ይኼን ነው።»

የካሴቱ ፊት አለቀ። ቁልፉ በራሱ ጊዜ ቀጭ ብሎ ተነሣ።

ቀና ሲል ልጁ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አያውቅም፤ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል ብሏል፣ ልክ እንደ እናቷ ጨርቅ።

«በቋንቋችን ላስረዳዎት ብላህ ነበር?»

«ብላኝ ነበር።»

ማዶ የጫማ ሠሪው መዶሻ ኳ፣ ኳ ማለት ጀመረ።

«ስነሣ ትሠሪኛለሽ ነበር ያለችኝ» አለች ልጅቷ። «ብታውቅ ኖሮ ያን ቀን ጸጉሯን እሠራላት ነበር።»

ልጅቷ ቀርባ ካሴቱን አወጣች፤ ካቻቢቴውን ፈልጋ አገኘች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው እንደኖረችው ገልብጣ ጥርሷን ሰበረቻት። ስባሪዋ ጠረጴዛው ላይ ዘልላ የሩዝ ፍሬ መስላ ወደቀች። ከዚያ ካሴቱን መልሳ ከተተችና ወደ ኋላ አጠንጥና ከፈተችው።

የአባቷ ድምፅ መጣ። ስሚኝ፣ ዓለሜ። ምንም ያልሰማች ይመስል ፊቷን ወደ መደርደሪያው አድርጋ አደመጠች። ድምፁ ወደ ተያዘበት ቦታ ደረሰ። ባዶው ዞረ፣ ዞረ።

«እህ» አለች እናቷ።

ሌላ ምንም አላለችም። ሬዲዮ ሠሪው ረጅም ወሬ ሲጀምር፣ ጀርባዋን ሰጥታ አንድ ነገር እየወለወለች የምትላት «እህ» ነች። ይቅርም አይደለችም፣ ወቀሳም አይደለችም። እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ነው። በቴፑ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ሠሪም እንደ ታዘዘ ቀጠለ። ከዚያ ካሴቱ አለቀ። ዘፈኑ የለም።

ልጅቷ የአባቷን እጅጌ ጨምድዳ እንደያዘች ነበር። መቼ እንደያዘችው አላወቀችም፤ ለመልቀቅም አልቸኮለችም።

ሬዲዮ ሠሪው ዛሬም ቃላት ያጠናል። ከፒ ፊደል አልፎ ሄዷል። አንዴ ሻይ ሻጯ ታማ ሐኪም ቤት ይዟት ገብቶ፣ ዶክተሩ ወደ እሱ ዞሮ በእንግሊዝኛ ሲጀምር፣ ሁሉም እየገባው፣ «ለእሷ ይንገሯት፤ በምትሰማው ቋንቋ» ብሎ ከክፍሉ ወጣ ይባላል። ሴትዮዋ ድና ስትመለስ ግን ፌዟን አልተወችም። ሬዲዮ ሠሪው አሁን በሚቀዳው አዲስ ካሴት ላይ የሚተዋቸው ዝምታዎች በጣም ረዝመዋል፤ ሰው አንድ ቃል ለመድገም ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣሉ።

«ጋሽ ዲክሽነሪ፣ ይኼ ቴፕዎ እኮ እንቅልፍ ወሰደው!»

«ተይው» ይላታል። «ይነቃል።»

ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ፣ እጆቿ በሰው ጸጉር ውስጥ ያሉት ልጁ፣ አባቷ ቃሉን ሲናገር በሰማች ቁጥር ቧንቧውን ትዘጋለች። ደንበኛዋ በተዘጋ ዓይኗ፣ አንገቷን ገንዳው ላይ አጋድማ ትጠብቃለች። ውኃው ይንጠባጠባል። ትርጉሙ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ሱቆች ዝም ይላሉ።